የአዳሪ ትምህርት ቤት ምሽትና የኢትዮጵያ ኪነ ጥበብ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ኪነ ጥበብ በሥርዓተ ትምህርት ሰነዶች ያገኘው ቦታ ምንጊዜም ጠባብ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችማ ከነጭራሹ ያልተጻፈበት ጊዜ ይበዛል። ይሁን እንጂ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስማቸው የገነነ ሠዓሊያን፣ ባለቅኔዎችና የቲያትር ጸሐፊዎች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ከጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ማለፋቸው ይታያል፤ ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም ተማሪው በግቢው ውስጥ እየበላና እያደረ የሚማርባቸው ነበሩ። በሰነድ የሌለ ትምህርት እንዴት ይህን ያህል ፍሬ አፈራ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በመማሪያ ክፍሉ ሳይሆን ከእራት በኋላ ባለው ሰዓት ነው። አዳሪ ተማሪ ከብት የሚያስገባበት፣ ውኃ የሚቀዳበት ወይም ከቤተሰቡ ጋር እሳት ዳር የሚያመሽበት ቤት በአጠገቡ ስለሌለው፣ ትምህርት ቤቱ ወደደም ጠላ ምሽቱን የሚሞላለት ነገር መፈለግ ነበረበት። በዚህ ጽሑፍ ያለ ተጨማሪ ምልክት የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ማደርንና ጥበብን አንድ ላይ ያስተሳሰረው የመጀመሪያው ተቋም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ፣ ማለትም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ስልቶች የተደራጀውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ለመማር የፈለገ ልጅ ወላጆቹን ተሰናብቶ ወደ ጉባኤ ቤቱ ይሄዳል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ጎጆ ያድራል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ሰላልኩላ፣ ለቅኔ ዋድላና ጎንጅ የማስመስከሪያና የዝና ቦታዎች መሆናቸው የታወቀ ሲሆን፣ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ዓመታት ይፈጃል። የቀኑና የሌሊቱ ክፍፍል በተለይ ሊስተዋል የሚገባው ነው፤ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ትምህርት በብርሃን ሲሰጥ፣ በቃል የሚያዘው ደግሞ መብራት በሌለበት በምሽት ይቀጸላል። የቅኔ ተማሪ ቀን በየጥሻው ብቻውን ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ አስነጋሪ ለሚባለው፣ ከመምህሩ በታች ሆኖ የጀማሪዎችን ቅኔ እየሰማ ለሚያርመው የበሰለ ተማሪ ያቀርባል፤ ቃሉ ካልሰመረ ወይም ምሥጢሩ ከላላ እዚያው ተሰብሮ ይጠገናል። ቁም ጽሕፈት የሚማረውም ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፣ ብርዑን ራሱ ይቀርጻል፣ ሐረግ የተባለውን የመጽሐፍ ጌጥ ከመምህሩ እጅ እያየ ይሥላል። እዚህ ላይ ጥበብ ለትምህርት የተጨመረ ማጣፈጫ አልነበረም፤ ዜማና ቅኔ ትምህርቱ ራሱ ነበሩ።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በደቡብ ምዕራቡ በካፋ የነበረው ጥላ ከሰሜኑ ይልቅ የሳሳ ነው። የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1889 ዓ.ም. ማብቂያና በ1890 ዓ.ም. መባቻ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ተያዙበት ጊዜ ድረስ፣ በቦንጋና በአንድራቻ አካባቢ የነበረው የጥበብ ትምህርት በአመዛኙ ከጎሳና ከዘር ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ብረት መቀጥቀጥ፣ ቆዳ ማልፋትና ሸክላ መሥራት ተለይተው ለታወቁ ቤተሰቦች የተተዉ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፍ ሠሪዎቹ ግን ከሌላው ማኅበረሰብ ጋር በማዕድም በጋብቻም አይቀላቀሉም ነበር። ኦስትሪያዊው ተጓዥ ፍሬድሪክ ቢበር በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ካፋን ጎብኝቶ ያሳተማቸው ሁለት ጥራዞች፣ የቤት አሠራሩን፣ መሣሪያውን፣ ልብሱንና ሥርዓቱን በሰፊው መዝግበዋል። ከጦርነቱና እርሱን ተከትሎ ከመጣው የባሪያ ንግድ የተነሣ አገሩ ሰው አልባ እስከ መምሰል ስለ ተጎዳ፣ የዘመናዊ ትምህርት ወሬ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ደካና ወደ ሌሎች የካፋ መንደሮች የደረሰው ዘግይቶ ነው። የካፋ ልጅ ዘለግ ያለ ትምህርት ሲሻ ለረጅም ጊዜ የነበረው አማራጭ ከአገሩ ወጥቶ ሌላ ቦታ ማደር ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት በአዲስ አበባ ሲጀመር ጥበብን አላሰበም። በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብፃውያን ቅብጥ መምህራን እጅ የነበረ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው ለቤተ መንግሥቱ ቋንቋ አዋቂ ማፍራት ነበር። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚችል ባለሥልጣን የሚታነጽበት ቤት ነበር። ነገሩን የለወጡት ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ በሕዝቡ አጠራር አርባ ልጆች፣ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ገብተው በአንድነት እየኖሩ በአርመናዊው ሙዚቀኛ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ ሆኑ። ናልባንዲያን በደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት ካደጉት ከቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጋር ተባብረው ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት በ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ሠሩ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ፣ ዜማው የናልባንዲያን ነበር።

ዮፍታሔ በታሪካችን የሚይዙት ቦታ ከግጥማቸው ባሻገር ነው። በመምህርነትና በትምህርት ቤት ኃላፊነት በሠሩባቸው ዓመታት ለተማሪዎች መዝሙርና ተውኔት ይደርሱ ነበር፤ ተውኔት ጸሐፊው መላኩ በጎሰውም በዚያው ዘመን በዚያው መንገድ ሄደዋል። ቲያትር ቤት ባልነበረበት ከተማ ተዋናዩ ተማሪ፣ መድረኩ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ተመልካቹ ደግሞ መኳንንቱና ወላጆች ሆኑ። የሴት ገጸ ባሕርይ ሲያስፈልግ ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮና ነጠላ ተከናንቦ ይጫወታል፤ ይህ ልማድ ከትምህርት ቤት ወደ ሙያ ቲያትር ተሻግሮ ሴቶች መድረክ እስኪወጡ ድረስ ቆይቷል። የቅኔ ቤቱ ልጅ የፈረንጅ አሠራር ባለው አዳራሽ ሰምና ወርቅ ሲያናግር የድሮው ጉባኤ ቤት ወደ አዲሱ አዳሪ ቤት ገባ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው የአማርኛ ተውኔት በግጥም መናገር የማይታክተውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ ቢያቋርጠውም፣ ከነፃነት በኋላ አዳሪ ትምህርት ቤት የመንግሥቱ ዋና መሣሪያ ሆኖ ተመለሰ። በእ.ኤ.አ. 1931 የተቋቋመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ልጃገረዶች የሚያድሩበት ነበር፤ ጥልፍ፣ ስፌትና የቤት አያያዝ ለዓመታት የሴት ልጅ ጥበብ ተደርገው ሲታዩ ቆይተዋል። ይህን ጠባብ አጥር የሰበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱት፣ በወረራው ዘመን በጣሊያን አዚናራ ደሴት የታሰሩት ስንዱ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ሴት ርእሰ መምህር ሲሆኑ፣ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ቲያትሮች ራሳቸው ይጽፉ ነበር፤ በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘው ሥራቸው ግጥምና ተውኔትን አቀላቅሎ የአርበኞቹን ዘመን የሚያወሳ ነው። ስንዱ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ሴት መሆናቸው ብዙ ጊዜ ሲነገርላቸው፣ ለልጃገረዶች የቲያትር መድረክ ያቆሙ መሆናቸው ግን እምብዛም አይወሳም። ይህ ሚዛን የተዛባ ይመስላል፤ ልጃገረድ በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር በማይፈቀድላት ዘመን፣ መድረኩ ከምክር ቤቱ ወንበር ቀድሞ የመጣ ነውና።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእውነተኛ ትርጉሙ የተጀመረው በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በእ.ኤ.አ. 1946 ደግሞ በብሪቲሽ ካውንስል የሚመራው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። ሁለቱም ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ልጆች የሚያድሩባቸው ነበሩ። የኮተቤው ግቢ በዚያን ጊዜ ከከተማው ራቅ ያለ በመሆኑ፣ ተማሪው የሳምንቱን ምሽት ሁሉ በግቢው ማሳለፉ ግድ ነበር። እንዲህ ባሉት ትምህርት ቤቶች ቀኑ በደወል የተከፋፈለ ነው፤ ከእራት በኋላ የጥናት ሰዓት፣ ከዚያ መብራት ማጥፊያ ይከተላል፤ የሳምንቱ ማብቂያ ምሽት ግን ለክርክር፣ ለሙዚቃና ለተውኔት ይተዋል። አብዛኞቹ የተለየ የቲያትር አዳራሽ ስላልነበራቸው ምግብ አዳራሹ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው መድረክ፣ የአልጋ አንሶላዎች በገመድ ተዘርግተው መጋረጃ ይሆናሉ። የመጨረሻው ፈተና የሚመጣው በወላጆች በዓል ዕለት ነው፤ ይህም የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ ሽልማት የሚሰጥበት፣ ሥዕልና የእጅ ሥራ የሚታይበትና ተማሪዎች በእንግዶች ፊት የሚጫወቱበት ቀን ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚገኙበት ጊዜም ነበር።

እንዲህ ካሉት ግቢዎች የወጡትን ሰዎች ማየት ክርክሩን ያጠናክራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር የመጽሐፍ ሐረግ ከሚሥሉ ካህን አባት ተወልደው፣ በኮተቤና በዊንጌት ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመሩትን የሳይንስ ትምህርት ትተው ወደ ጀርመን ኮሎኝ ለሥነ ሥዕል የሄዱ ሲሆኑ፣ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው ረቂቅ ሥዕልን ለአገሩ አስተዋውቀዋል። እስክንድር ቦጎሲያን በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሥዕልን ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ተምረው፣ ከፖላንዳዊው የታሪክ ተመራማሪ ከስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ምክር አግኝተው፣ በእ.ኤ.አ. 1955 በነፃ የትምህርት ዕድል ለንደን ሄዱ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ገና በአምቦ ሕፃን ተማሪ ሳሉ ተውኔት ጽፈው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ካሳዩ በኋላ ወደ ዊንጌት ገቡ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው በ1950 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. መሆኑን ላስተዋለ፣ እነዚህ ወጣቶች ሲበስሉ ለሙያቸው የቆመ ተቋም እምብዛም እንዳልነበረ ግልጽ ነው። የቆመላቸው ቢኖር የትምህርት ቤት ምሽት ነበር።

በዚያው ጊዜ ካፋ ስሙን ለሰፊ ጠቅላይ ግዛት ሰጥቶ ዋና ከተማው ጅማ ሆና ነበር። የቦንጋ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር በተራራና በደን አቋርጦ ጅማ መድረስ፣ ከተሳካለትም አዲስ አበባ መግባት ነበረበት። በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በጠቅላይ ግዛቱ የታወቀው አዳሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዓላማው እንደ ስሙ እርሻ ነበር። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የመጡት ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲመደቡ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያሉት ክበቦች አዲስ ጉልበት አገኙ። ይሁንና በነዚህ መድረኮች ሁሉ የሚሰማው አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ካፊኖኖ፣ ማለትም የካፈቾ ሕዝብ ቋንቋ፣ በልጁ አንደበት ከመኝታ ክፍሉ ደጃፍ አልፎ መድረክ ላይ የሚወጣበት ዕድል አልነበረውም፤ ከየማዕዘኑ የተሰበሰቡ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያመሹ የየአገራቸው ዘፈን እርስ በርስ መሰማማቱ ባይቀርም፣ ትምህርት ቤቱ ያንን ሀብት እንደ ሀብት አልቆጠረውም። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ጅማን ካነሣን፣ በ1936 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ለዚህ ታሪክ ከሁሉ የላቀ ምስክር ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ምሕንድስና እንዲማሩ ብለው በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ዌልስ ወደሚገኘው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ወደተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሙዚቃ በዚያ ከፊዚክስና ከሒሳብ እኩል ለሁሉም የሚሰጥ ስለ ነበር፣ መምህራኑ ወጣቱ ተሰጥኦው ወዴት እንደሚያዘነብል አስተዋሉ፤ ሙላቱም ምሕንድስናውን ትተው በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ኋላም በቦስተን በርክሊ ሙዚቃ አጠኑ፤ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን የሙዚቃ ስልትም ፈጠሩ። በቃለ መጠይቆቻቸው ሳይንስና ሙዚቃ አብረው የሚሰጡበት ያ ትምህርት ቤት ራሳቸውን እንዲያገኙ እንደረዳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። የጅማ ልጅ የሙዚቃ መሣሪያ ክፍል ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ለማግኘት ዌልስ ድረስ መሄድ ነበረበት።

ምሽቱ ሌላም ነገር ይወልድ ነበር፤ መንግሥት የኋላ ኋላ የተገነዘበው ይህንን ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ተማሪው ታምሩ ፈይሳ ያነበቡት «ደሃው ይናገራል» የተሰኘው ግጥም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የድሃውን ኑሮ ሲያነሣ፣ አብሮ ማደርና አብሮ ማሰብ የሚያስከትለው ምን እንደሆነ ታየ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በኮሌጁ የማደር ሥርዓት ቀርቶ ተማሪው የኪስ ገንዘብ እየተሰጠው በከተማው እንዲበተን ተደረገ። የበጀት ጥበት ምክንያት ተደርጎ ቢነገርም ተማሪውን መበታተኑ ለባለሥልጣናቱ የሰጠውን እፎይታ መካድ አይቻልም። አዳሪነት ጥበብንና ተቃውሞን ከአንድ ማኅፀን ያወጣ ነበርና።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃውን ከፍተኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ አዳሪ ግቢዎቹ ባዶ ቀሩ። ዊንጌት ከብሪቲሽ ካውንስል እጅ ወጣ፤ የምሽት ጥበብ ከትምህርት ቤት ወደ ቀበሌ ተሸጋግሮ የኪነት ቡድን ሆነ። የኪነት ቡድኖች የብሔረሰቦችን ዘፈንና ጭፈራ፣ ከነዚህም የደቡብ ምዕራቡን፣ ወደ መድረክ በማውጣት የድሮው አዳሪ ቤት ያላደረገውን ቢያደርጉም፣ የሚናገሩት ከላይ የተሰጣቸውን ስለ ነበር ዘፈኑ ከነሕይወቱ መጣ ለማለት ያዳግታል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ ካፊኖኖ በካፋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቷል፤ በየትምህርት ቤቱም በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ግጥምና ጭውውት የሚያሰማ ሚኒ ሚዲያ የተባለ ክበብ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ሚኒ ሚዲያ የዕረፍት ሰዓት ልጅ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተውኔት አይለመድም።

አዳሪ ትምህርት ቤት በቅርብ ዓመታት ተመልሶ የመጣው በፈተና በኩል ነው። በመቀሌ ቃላሚኖ፣ በሶዶ ወላይታ ሊቃ ቀደም ብለው መንገዱን ያሳዩ ሲሆን፣ በኦሮሚያ ኢፋ ቦሩ የተባሉት ተከትለዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ በመሆናቸውና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው በመታየታቸው፣ የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ፍላጎት በየክልሉ ጨመረ። በነዚህ ግቢዎች ምሽቱ ከሞላ ጎደል ለፈተና ጥናት የተሰጠ ነው። ቤተ ሙከራና የኮምፒዩተር ክፍል ሲሠሩ መድረክ ያለው አዳራሽ፣ መሣሪያ የሚቀመጥበት ክፍልና ሥዕል የሚሣልበት ብርሃን ያለው ቤት «ወደፊት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። የትምህርት ጥራት በወደቀበት ጊዜ ሒሳብና ሳይንስን ማስቀደም የሚነቀፍ አይደለም፤ ግን የገብረ ክርስቶስ ትውልድም ሒሳቡን ሳይተው ነው ጥበቡን የተማረ፤ የቀነሰው የጥናት ሰዓትም በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ነበር።

ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲም አላት። የካፋ ልጅ እንደ አያቶቹ ለመማር ሲል ጅማ ወይም አዲስ አበባ ማደር አይጠበቅበትም። በቦንጋ፣ በደካም ሆነ በሌላው የካፋ ወረዳ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያቅዱ ሰዎች ከመሠረቱ ሦስት ነገር ቢወስኑ ታሪኩ ይደግፋቸዋል፦ ምግብ አዳራሹ ከመጀመሪያው በመድረክ ይነደፍ፤ የቅዳሜ ምሽት ከፈተና ጥናት ነፃ ይሁን፤ በዚያ መድረክም ካፊኖኖ ከአማርኛ እኩል ይሰማ። ሸክላና ብረት ሥራ በዘር የተናቁበት አገር ስለሆነም፣ የሸክላ ምድጃና የብረት መቀጥቀጫ ያለው የእጅ ሥራ ክፍል ከማንኛውም ክፍል በፊት ቢቆም ያንን ንቀት ለመስበር ከስብከት የተሻለ መሣሪያ ይሆናል፤ መምህራኑም ከሩቅ መምጣት የለባቸውም፣ ሙያውን የያዙት ቤተሰቦች በየመንደሩ አሉ።